‹‹ሪ›› ወደ አማርኛ ስትመለስ፡- መድገም፣ መመለስ ወይስ ማደስ?

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ደብረ ሲናን አልፎ ቁልቁል የወረደ መንገደኛ ቆላማውን የይፋት ምድር የሚያገኘው በሸዋ ሮቢት በኩል ነው። ከሸዋ ሮቢት በኋላ ጀውሃ፣ ሰንበቴ፣ አጣዬና ካራቆሬ ይከተላሉ። የእነዚህ ከተሞች ስም ባለፉት ዓመታት በዜና የተነሳው በአብዛኛው በመልካም አይደለም። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በአጣዬ ላይ በደረሰው ጥቃት ቤቶችና ሱቆች በብዛት ተቃጥለው ነዋሪዎች ተፈናቀሉ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት እስከ ሸዋ ሮቢት ዘልቆ ከተማዋ ለቀናት ከመንግሥት እጅ ወጥታ ነበር። በጥር 2015 ዓ.ም. ደግሞ በአጣዬና በጀውሃ አካባቢ ግጭት እንደገና አገረሸ።

እንዲህ ያለ ጉዳት ስለደረሰባቸው አካባቢዎች የሚዘጋጁ ዕቅዶችና ሪፖርቶች አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ይረቀቃሉ። በውስጣቸውም ‹‹ሪተርን››፣ ‹‹ሪሎኬሽን››፣ ‹‹ሪሴትልመንት››፣ ‹‹ሪሃቢሊቴሽን››፣ ‹‹ሪኮንስትራክሽን›› እና ‹‹ሪኢንተግሬሽን›› የሚሉ ቃላት ይመላለሳሉ። ሁሉም ‹‹ሪ›› በምትል መነሻ ቅጥያ ይጀምራሉ፤ ትርጉማቸው ግን አንድ አይደለም። ሰነዱ ወደ አማርኛ ሲመጣ ብዙዎቹ ‹‹መልሶ›› በሚል አንድ ቃል ሥር ይጠቃለላሉ። በዚህ መሃል የሚጠፋው ልዩነት የሰዋስው ብቻ አይደለም። አንድ ተፈናቃይ ወደ ቀድሞ ቀዬው ይመለሳል ወይስ ወደ ሌላ ቦታ ይወሰዳል የሚለው ጥያቄ ራሱ በቃሉ ውስጥ አለ።

ይህ ጽሑፍ መድገምን የሚገልጹትን የእንግሊዝኛ ቃላት ከአማርኛ አቻዎቻቸው ጋር እያስተያየ፣ የትኛው ለየትኛው እንደሚስማማ ለማሳየት ይሞክራል።

ሁለት ትርጉም ያላት አንዲት ቅጥያ

‹‹ሪ›› ወደ እንግሊዝኛ የገባችው ከላቲን፣ በከፊልም በፈረንሳይኛ በኩል ነው። በላቲን ሁለት ነገር ታመለክት ነበር። አንደኛው ‹‹ወደ ኋላ›› ወይም ‹‹ወደ ነበረበት›› ሲሆን ሁለተኛው ‹‹ሌላ ጊዜ›› ወይም ‹‹ዳግመኛ›› ነው። እንግሊዝኛ ሁለቱንም ሳይለይ ወረሰ። ‹‹ሪተርን›› የመጀመሪያውን፣ ‹‹ሪፒት›› ደግሞ ሁለተኛውን ትርጉም ይይዛል። እንደ ‹‹ሪቢልድ›› ያሉት ሁለቱንም ሊሸከሙ ይችላሉ። የተሠራው የቀድሞው ቤት ራሱ ነው? ወይስ የግንባታው ሥራ ነው ለሁለተኛ ጊዜ የተከናወነው? ቃሉ ብቻውን መልስ አይሰጥም።

የሚገርመው ቅጥያ የሌለው ‹‹አጌን›› እንኳ ተመሳሳይ ታሪክ ያለው መሆኑ ነው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ቃሉ ‹‹ፊት ለፊት››፣ ‹‹ወደ ኋላ›› የሚል ትርጉም ነበረው፤ ‹‹ዳግመኛ›› የሚለው ፍቺ የዳበረው በኋላ ነው።

አንዳንዶቹ ቃላት ከእርሻ ማሳ የመጡ ናቸው። ዛሬ ተዋንያን ከመድረክ በፊት የሚያደርጉትን ልምምድ የሚገልጸው ‹‹ሪኸርስ›› መነሻው በጥንታዊ ፈረንሳይኛ የታረሰን መሬት ዳግመኛ መከስከስ ማለት ነበር። የእኛም ገበሬ መሬቱን ደግሞና ሰልሶ ያርሳል። ያልተደገመ እርሻ ጓሉ አይላላም፤ ያልተደገመ ተውኔትም እንዲሁ ነው።

በ‹‹ሪ›› የሚጀምር ሁሉ ግን መድገምን አያመለክትም። ‹‹ሪፐብሊክ›› የመጣው ‹‹የሕዝብ ጉዳይ›› ከሚል የላቲን ሐረግ በመሆኑ ከቅጥያዋ ጋር ዝምድና የለውም። በዩኒቨርሲቲዎች ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የተለመደው ‹‹ሬሚዲያል›› መሠረቱ ‹‹መፈወስ›› የሚል ቃል ነው። ተማሪው ክፍል ደገመ ማለት ሳይሆን ጉድለቱ ይታከማል ማለት ነው። ‹‹የአቅም ማሻሻያ›› የተባለው ስያሜ ለዚህ የቀረበ ነው። ‹‹ሪፈር›› ደግሞ በሥረ መሠረቱ ‹‹መልሶ መውሰድ›› ነው። ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ብርሃን ሪፈር የተጻፈለት ሕመምተኛ ግን ወደ ኋላ አይመለስም፣ ዳገቱን ወደ ፊት ይወጣል። ቃላት ከሥራቸው ርቀው እንደሚሄዱ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም።

መድገም፡- ድርጊቱ ሲቆጠር

አማርኛ እንግሊዝኛው በአንድ ቅጥያ ያጨቀውን ለተለያዩ ግሶች አከፋፍሏል። የመጀመሪያው ‹‹ደገመ›› ነው። የዚህ ግስ ዋና ነገር ቁጥር ነው፤ ድርጊቱ ሁለተኛ ጊዜ ተፈጸመ ማለት ነው። ‹‹ዳግማዊ ምኒልክ›› ስንል ሁለተኛው ምኒልክ ማለታችን እንጂ የመጀመሪያው ተመልሶ መጣ ማለታችን አይደለም። ከፋሲካ ቀጥሎ የሚውለው እሑድ ‹‹ዳግማዊ ትንሣኤ›› ይባላል። ተማሪ ክፍል ይደግማል፤ ታዳሚ ዘፈኑ ሲጥመው ‹‹ይደገም!›› እያለ ይጮኻል። በጋዜጦች የማስታወቂያ ገጽ ላይ ‹‹በድጋሚ የወጣ የጨረታ ማስታወቂያ›› የሚለው ርዕስም ጨረታው ሁለተኛ ጊዜ መውጣቱን ብቻ ይናገራል።

‹‹ደገመ›› ከእንግሊዝኛው ‹‹ሪፒት›› የሚሰፋበት ቦታም አለ። ዳዊት የሚደግም ሰው መዝሙሩን ያነባል፣ ይጸልያል፤ መጽሐፉን ሁለት ጊዜ አነበበ ማለት ላይሆን ይችላል። ‹‹ድግምት››ም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። በመሆኑም ‹‹ዳዊት ይደግማል›› የሚለውን ‹‹ሪፒት›› ብሎ የሚተረጉም ሰው ይስታል፤ የሚስማማው ‹‹ሪሳይት›› ነው።

ድርጊቱ ከሁለት ጊዜ በላይ ሲሆን አማርኛ ግሱን ራሱን ያራባዋል። ደገመ፣ ደጋገመ ይሆናል። መለሰ፣ መላለሰ ይሆናል። ሰበረ፣ ሰባበረ ይሆናል። እንግሊዝኛ ግን ይህ ዓይነት እርባታ ስለሌለው ‹‹ኦቨር ኤንድ ኦቨር›› ወይም ‹‹ኪፕ ኦን›› የመሳሰሉ ሐረጎችን ይጨምራል።

መመለስ፡- ሁኔታው ሲቆጠር

ሁለተኛው ግስ ‹‹መለሰ›› ነው። ‹‹መልሶ››፣ ‹‹ተመልሶ››፣ ‹‹መላልሶ›› የሚሉት ከዚሁ የወጡ ናቸው። በዚህ ግስ የሚታሰበው የድርጊቱ ቁጥር ሳይሆን ነገሩ ወደ ነበረበት መድረሱ ነው። የተበደረውን መለሰ፣ ከብቱን መለሰ እንላለን። መጽሐፍ የተረጎመም ‹‹ወደ አማርኛ መለሰ›› ይባላል።

በሁለቱ ግሶች መካከል ያለውን ልዩነት ከይፋት ቆላ የእርሻ ኑሮ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ማሽላ ለመድረስ ረጅም ጊዜ ስለሚፈልግ ቀደም ብሎ የሚጥለውን የበልግ ዝናብ ተከትሎ ይዘራል። ዝናቡ ተቋርጦ ቡቃያው ከደረቀ ገበሬው ማሳውን ገልብጦ ቶሎ የሚደርስ ጤፍ ወይም ማሾ ይዘራበታል። ይህ ገበሬ መዝራትን ደግሟል። ማሽላው ግን አልተመለሰለትም። የዘር፣ የበሬና የጉልበት ወጪው ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል፤ የመኸሩ ምርት ግን መጀመሪያ ያሰበው አይደለም። አንድ ሪፖርት ‹‹ማሳው በድጋሚ ተዘርቷል›› ቢል እውነት ነው። ‹‹ምርቱ ተመልሷል›› ቢል ግን ሐሰት ነው። እንግሊዝኛው በ‹‹ሪ›› ሁለቱንም ሊያድበሰብሳቸው ይችላል።

ስለ ‹‹መልሶ›› ሌላም ሊስተዋል የሚገባ ነገር አለ። ቃሉ በባሕርዩ ባለቤቱን ይከተላል፤ መልሼ፣ መልሰን፣ መልሳ፣ መልሰው እያለ ይረባል። ‹‹ነዋሪዎቹ ቤታቸውን መልሰው ሠሩ›› ሲባል ሠሪው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው። ‹‹መንግሥት ቤታቸውን መልሶ ሠራላቸው›› ሲባልም እንዲሁ። ‹‹የመልሶ ግንባታ ሥራ ተከናውኗል›› በሚባልበት ጊዜ ግን ባለቤቱ ይሰወራል። ወጪውን የሸፈነው መንግሥት ነው? ረድኤት ድርጅት ነው? ወይስ ከዘመድ ተበድሮ ጣሪያውን የመታው ነዋሪ ራሱ? በእንግሊዝኛ ‹‹ሪኮንስትራክሽን›› የሚለው ስም ይህን መደበቂያ የሚሰጥ ሲሆን እኛም ግሱን ወደ ስም እየለወጥን ተከትለነዋል።

ማደስ፣ መከለስ፣ መጠገን

‹‹አደሰ›› አሮጌውን አዲስ ማድረግ ነው። ፈቃድ፣ ውል፣ ፓስፖርትና መታወቂያ ይታደሳሉ፤ በእንግሊዝኛ ‹‹ሪኒው›› ይባላል። ሕንፃም ይታደሳል፤ ይህኛው ‹‹ሪኖቬት›› ነው። ከግዕዙ ‹‹ሐደሰ›› የመጣው ‹‹ተሐድሶ›› ግን የፖለቲካ ሸክም የበዛበት ቃል ሆኗል። ኢሕአዴግ በ1993 ዓ.ም. ‹‹ተሐድሶ››፣ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ‹‹ጥልቅ ተሐድሶ›› ሲል ‹‹ሪኒዋል››ን ወይም ‹‹ሪፎርም››ን ማለቱ ነበር። በ2015 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን ግን በእንግሊዝኛ ስሙ ‹‹ሪሃቢሊቴሽን›› የሚል ሲሆን የቀድሞ ተዋጊዎችን ትጥቅ የማስፈታትና ወደ ማኅበረሰቡ የመቀላቀል ኃላፊነት ተሰጥቶታል። በሃይማኖት ክርክር ውስጥ ቃሉ ያለው ትርጉም ደግሞ ሌላ ነው። ስለዚህ ‹‹ተሐድሶ›› የሚለውን የሚጽፍ ሰው የትኛውን ማለቱ እንደሆነ ከአጠገቡ ቢገልጽ ይመረጣል።

‹‹ከለሰ›› የተጻፈን ወይም የተወሰነን ነገር እንደገና አይቶ ማረም ሲሆን ከ‹‹ሪቫይዝ›› ጋር ይቀራረባል። ‹‹ጠገነ›› የተሰበረውን ክፍል ብቻ መሥራት፣ ‹‹ሪፔር›› ነው። የተሰነጠቀ ግድግዳው የተለሰነለት ቤትና ከመሠረቱ የተሠራ ቤት በአንድ ሠንጠረዥ ‹‹መልሰው የተገነቡ›› ተብለው ቢደመሩ ቁጥሩ ያድጋል፤ ቤት የሌለው ሰው ቁጥር ግን በዚያው ልክ አይቀንስም።

‹‹እንደገና›› ከሁሉም የለዘበ ነው። ለመድገምም፣ ለመመለስም፣ ከአዲስ ለመጀመርም ያገለግላል። በዕለት ንግግር ጠቃሚነቱ አያጠያይቅም። በውልና በሪፖርት ላይ ግን ያሻማል። ‹‹ግንባታው እንደገና ተጀመረ›› ሲባል ካቆመበት ቀጠለ ወይስ ፈርሶ ከመሠረቱ ተነሳ? የመጀመሪያው ከሆነ ‹‹ካቆመበት ቀጠለ›› ማለት ይሻላል። የእንግሊዝኛው ‹‹ሪዚዩም›› ትርጉምም ይኸው ነው።

የቃሉ ምርጫ ዕጣ ሲወስን

ወደ መነሻችን እንመለስ። በመፈናቀል ጉዳይ ላይ ‹‹ሪተርን›› ማለት ሰው ወደ ቀድሞ መኖሪያው መመለሱ ነው። ‹‹ሪሎኬሽን›› እና ‹‹ሪሴትልመንት›› ደግሞ በአገር ውስጥ ተፈናቃዮች ዘንድ ወደ ሌላ አካባቢ ሄዶ መኖር ነው። ለስደተኞች ሲሆን ‹‹ሪሴትልመንት›› ወደ ሦስተኛ አገር መሄድን ይገልጻል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ1998 እ.ኤ.አ. ባወጣቸው የአገር ውስጥ መፈናቀል መመሪያ መርሆዎች 28ኛው መርህ ላይ ‹‹ሪተርን›› እና ‹‹ሪሴትልመንት›› ሁለት የተለያዩ አማራጮች ሆነው ተቀምጠዋል። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 1187/2012 ያፀደቀችው የካምፓላ ስምምነትም በአንቀጽ 11 ተፈናቃዩ መመለስን፣ በተጠለለበት አካባቢ መኖርን ወይም ወደ ሌላ ቦታ መሄድን በነፃነትና በቂ መረጃ ይዞ እንዲመርጥ ያዝዛል።

አሁን ‹‹ሪሴትልመንት›› የሚለውን ‹‹መልሶ ማስፈር›› ብለን እንተርጉመው። ከአጣዬ ወጥቶ ደብረ ብርሃን የተጠለለ ሰው ይህን ሲሰማ የሚረዳው ወደ አጣዬ መመለስን ነው፤ ‹‹መልሶ›› በአማርኛ ወደ ነበረበት ማለት ነውና። የእንግሊዝኛው ሰነድ ግን ሌላ ቦታ ማለቱ ነበር። ተገላቢጦሹም ያው ነው። ‹‹መልሶ ማስፈር›› የሚል አማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ሲሄድ ‹‹ሪሴትልመንት›› ሆኖ፣ ወደ ቀዬው የተመለሰው ሰው ሌላ ቦታ እንደሰፈረ ተቆጥሮ ይመዘገባል። በአንድ ቃል ምክንያት የተፈናቃዩ ምርጫ ይገለበጣል ማለት ነው።

ቀደም ያለው ዘመን አማርኛ በዚህ ረገድ የተሻለ ጠንቃቃ ነበር ማለት ይቻላል። በደርግ ዘመን በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ 600 ሺህ ያህል ሰዎች ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ የተወሰዱበት ፕሮግራም በእንግሊዝኛ ‹‹ሪሴትልመንት›› ሲባል በአማርኛ ‹‹ሰፈራ›› ብቻ ተባለ። ፕሮግራሙ ብዙ ሰቆቃ ያስከተለ ቢሆንም ስሙ ግን አላሳሳተም። የተመለሰ ሰው ስላልነበረ ‹‹መልሶ›› አልተባለም። ከዚያ በፊት በ1966 ዓ.ም. በረሃቡ ሳቢያ የተመሠረተው የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽንም ‹‹ሪሃቢሊቴሽን›› የሚለውን ‹‹ማቋቋሚያ›› በማለት ነው የተረጎመው። ሥሩ ‹‹ቆመ›› ነው፤ የወደቀን ሰው በእግሩ ማቆም።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ይዞታ የሚለቀቅበትን ሁኔታ የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 1161 በእንግሊዝኛ ርዕሱ ‹‹ሪሴትልመንት›› ያለውን በአማርኛ ተነሺዎች ‹‹መልሰው የሚቋቋሙበት›› ብሎታል። ሁለቱ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ስለ ቦታ፣ ሁለተኛው ስለ ኑሮ ይናገራል። አማርኛው ከእንግሊዝኛው የበለጠ ቃል ገብቷል ማለት ነው፤ ሰውየው አዲስ ቦታ መግባቱ ብቻውን በቂ አይሆንም፣ ኑሮው መቆም አለበትና። ይህ ደግሞ ተራ ጉዳይ አይደለም። በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ በሚወጡ ሕጎች በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል ልዩነት ሲኖር የበላይነት ያለው የአማርኛው ቅጂ ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 106 ለራሱ የአማርኛ ቅጂ የመጨረሻ ሕጋዊ እውቅና ሰጥቷል። አማርኛውን ‹‹ትርጉም ብቻ›› አድርጎ የሚያይ ባለሙያ እንግዲህ የሚያስገድደውን ጽሑፍ እንደ ተቀጥላ እያየ ነው።

በአዲስ አበባ የታወቀው ‹‹መልሶ ማልማት››ም እዚህ ላይ ሊጠቀስ ይገባል። የሚለማው መሬቱ ነው። ‹‹መልሶ›› የሚለው ነዋሪውን አይመለከትም። ቃሉን ሰምቶ ‹‹ሲያልቅ እመለሳለሁ›› ብሎ የሚጠብቅ ነዋሪ ቢኖር አማርኛውን በትክክል ሰምቷል፤ ፕሮጀክቱ ግን ያንን አላለም።

ለሥራ ጠረጴዛ የሚሆን ማውጫ

‹‹ሪፒት››፡- መድገም። የመጀመሪያው ትክክል ቢሆንም ሊደገም ይችላል።
‹‹ሪዱ››፡- እንደ አዲስ መሥራት። የመጀመሪያው አልሆነም የሚል ፍርድ አለበት። አለቃ ‹‹ሪዱ›› ካለ ማመስገኑ አይደለም።
‹‹ሪኢትሬት››፡- የተናገሩትን ደግሞ ማስገንዘብ። ‹‹ኢትሬት›› ራሱ መድገም ስለሆነ ቃሉ ‹‹ደግሞ መድገም›› እንደማለት ነው፤ ‹‹አጌን›› ቢጨመርበት ይበዛል።
‹‹ሪፕሊኬት››፡- በሌላ ቦታ የተሠራውን በዚያው መልክ መሥራት።
‹‹ሪስቶር››፡- ወደ ነበረበት መመለስ፤ መብራት፣ ውኃ፣ ስልክ።
‹‹ሪፔር››፡- መጠገን።
‹‹ሪኮንስትራክት››፣ ‹‹ሪቢልድ››፡- መልሶ መገንባት፤ ከመሠረቱ ለተሠራ ብቻ።
‹‹ሪፕሌስ››፡- መተካት፤ የተተካው ሌላ ነው።
‹‹ሪከቨር››፡- ማገገም።
‹‹ሪሃቢሊቴት››፡- ለሰው ሲሆን መልሶ ማቋቋም፣ ለመንገድና ለመስኖ ቦይ ሲሆን ማደስ።
‹‹ሪተርን››፡- ወደ ቀዬ መመለስ። ‹‹ባክ›› መጨመር አያስፈልግም።
‹‹ሪሎኬት››፣ ‹‹ሪሴትል››፡- ወደ ሌላ አካባቢ ማዛወር ወይም ማስፈር። ‹‹መልሶ›› የሚለውን መተው ነው።
‹‹ሪኢንተግሬት››፡- ከማኅበረሰቡ ጋር መልሶ መቀላቀል።

በአማርኛም ቢሆን ‹‹እንደገና በድጋሚ››፣ ‹‹ደግሞ ዳግመኛ›› የሚሉ ድርብርቦሽ አጻጻፎች ከእንግሊዝኛው ‹‹ሪፒት አጌን›› አይሻሉም። አንዱ ይበቃል።

ሦስት ጥያቄዎች

‹‹ሪ›› ያለበት ቃል ያጋጠመው ተርጓሚ፣ የፕሮጀክት ባለሙያ ወይም ጋዜጠኛ ብዕሩን ከማንሳቱ በፊት ሦስት ጥያቄ ቢያነሳ ብዙ ስህተት ይድናል። ሁለተኛ ጊዜ የሆነው ድርጊቱ ነው ወይስ ሁኔታው? ‹‹መልሶ›› ከተባለ ወዴት ነው የተመለሰው? አድራጊውስ ማን ነው?

በአጣዬና በሸዋ ሮቢት ቤቱ የተቃጠለበት ወይም ሱቁ የተዘረፈበት ሰው ሦስቱንም መልሶች ያውቃቸዋል። ቤቱ ተጠግኖለት እንደሆነ፣ እንደ አዲስ ተሠርቶለት እንደሆነ፣ ራሱ ሠርቶት እንደሆነ ወይም እስካሁን ጓሮው ውስጥ በላስቲክ ሥር እንደሚያድር ለመለየት መዝገበ ቃላት አያስፈልገውም። ቋንቋውም ይህን ሁሉ ለመናገር የሚበቃ ቃል አለው። ስለ እሱ የሚጻፈው ሪፖርት በእነዚያ ቃላት ቢጻፍ፣ ቢያንስ የተጻፈለትን ከሆነለት ጋር ሊያስተያይ ይችላል።